ለጸሐፊ ጣት የሚስማማው ቆብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ አቤቱታ፣ የክስ መልስ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 12 ሰዓት ከኪቦርዱ አልነሳም ማለት ይቻላል። የምጽፍበት ሜካኒካል ኪቦርድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው መምቻ፣ ስዊቹ፣ ቡናማ ነው፤ ከያዝኩት 3 ዓመት ሆኖኛል። ስዊቹ አሁንም ደህና ነው፤ ጣት የሚያርፍባቸው፣ ፊደል የታተመባቸው የቁልፎቹ ቆቦች ግን አልቀዋል። የ‹ኢ› (E) እና የ‹ኤ› (A) ፊደል ጠፍቷል። ፊታቸው እንደተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል፤ ጣቴን ያንሸራትተኛል።

ወንድሜ ለፋሲካ ከዱባይ ይመጣል። ‹የምትፈልጊውን ስሙን ላኪልኝና ገዝቼ አመጣልሻለሁ› ብሎኛል። ስፈልግ ግን የቆቡ ቅርጽ ስም በዛብኝ፤ ቼሪ፣ ኦኢኤም፣ ኤስኤ፣ ዲኤስኤ፣ ኤክስዲኤ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ‹ረጅሙን ኤስኤ አስመጪ፤ የድሮ ታይፕራይተር ይመስላል፤ ያምራል› ትለኛለች። ኮምፒውተር የሚጠግንልን ልጅ ደግሞ ‹ኤክስዲኤ ውሰጂ፤ ሁሉም እኩል ነው፤ ግራ አያጋባም› ይላል። ሁለት ጊዜ የመግዛት አቅም የለኝም፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ መመለሻ የለውም። የትኛውን ልዘዝ?

ጸሐፊዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድምሽ ሳይገዛ እንዲደርስሽ መልሱን ላስቀድመው። ቼሪ ፕሮፋይል ይግዛልሽ፤ ቶሎ ከማይለሰልሰው ፒቢቲ ከሚባል ፕላስቲክ በወፍራሙ የተሠራውን፣ ፊደሉ በማይጠፋው በዳይ ሰብ ወይም በደብል ሾት አሠራር የተሠራውን። ስሙን ከመላክሽ በፊት ግን ኪቦርድሽ ላይ ራስሽ የምታዪያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ከመካከላቸው አንዱ መልሴን ወደ ኦኢኤም ሊቀይረው ስለሚችል እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እኔም አዳማ ውስጥ፣ ካንቺ ሰፈር ብዙም ሳልርቅ፣ 26 ዓመት ጽፌ ነው የኖርኩት። የጀመርኩት በአማርኛ ታይፕራይተር ነው፤ ፊደሉን መትተሽ ቅጥያውን ለብቻ የምትጨምሪበት ዘመን ነበር። አንድ ገጽ ውል ሲያልቅ የጣቴ ጫፍ ይደነዝዝ ነበር። ስለዚህ ‹ያንሸራትተኛል› ያልሽውን ቃል እንደ ትንሽ ነገር አላየሁትም። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ቆብ ማለት ለገበሬ የማረሻ እጀታ ማለት ነው፤ ቆዳሽ ሥራውን የሚነካው እዚያ ጋ ብቻ ነው።

ፕሮፋይል የሚባለው ቆቡ ከጎን ሲታይ የሚኖረው ቁመትና የፊቱ ዘንበል ማለት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፊና ኪቦርድሽን ከጎኑ ጎንበስ ብለሽ እዪው። የቁጥሩ ረድፍ ከፍ ብሎ ወዳንቺ ዞሯል፤ ጣትሽ የሚያርፍበት መካከለኛው ረድፍ ዝቅ ብሏል፤ የታችኛው ደግሞ ትንሽ ብድግ ብሎ ወዲያ አዘንብሏል። የጎደጎደ ሳህን በጎኑ የተቆረጠ ይመስላል። ቼሪም፣ ኦኢኤምም፣ ኤስኤም እንዲህ በየረድፉ የተቀረጹ ናቸው፤ ልዩነታቸው ቁመት ላይና የፊታቸው ጉድጓድ ላይ ነው። ቼሪ ከፍተኛው ረድፉ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ኦኢኤም፣ አሁን አንቺ ጋ ያለው ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ 12 ይጠጋል፤ ተሠርተው ከሚሸጡት ኪቦርዶች አብዛኞቹ ይዘውት የሚመጡት እሱን ነው። ኤስኤ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ዲኤስኤ እና ኤክስዲኤ ግን ረድፍ የላቸውም፤ ሁሉም ቆብ አንድ ቁመት፣ አንድ ቅርጽ ነው። ዲኤስኤ 7 ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ፣ ኤክስዲኤ 9 አካባቢ ነው፤ የኤክስዲኤ ፊት ደግሞ ሰፋ ያለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል፤ ገበያው ላይ ብዙ ሰው ሲምታታበት አይቻለሁና። ቼሪ የጀርመን ኩባንያ ስም ነው። ‹ቼሪ ስዊች› እና ‹ቼሪ ፕሮፋይል› ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከሥር ያለው መምቻ ነው፤ ሌላው የቆቡ ቅርጽ። ቼሪ ስዊች ያለው ኪቦርድ ኦኢኤም ቆብ ለብሶ ሊሸጥ ይችላል፤ ቼሪ ስዊች የሌለውም ቼሪ ፕሮፋይል ይለብሳል። ይህ የሚቻለው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው ኤምኤክስ የተባለው ስዊች አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ስላለውና የፓተንት ጊዜው ሲያልቅ ጌትሮንም፣ ካይልም፣ አውተሙም ያንኑ መስቀል ስለወሰዱ ነው። አንቺም አንድ ቆብ ነቅለሽ መስቀሉን ካየሽ የኤምኤክስ ቆብ ይገባልሻል። ወንድምሽ ሻጩን ሲጠይቅ ‹ቼሪ ፕሮፋይል፣ ለኤምኤክስ መስቀል የሚሆን› ይበል፤ ‹ቼሪ› ብቻ ካለ ስዊች ሊሰጡት ይችላሉ።

አሁን ለምን ቼሪ እንዳልኩሽ ልንገርሽ።

አንድ ሥራ ቀዝቀዝ ያለበት ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ የጣቴን መንገድ ቆጥሬ ነበር። ‹ለተከበረው› የሚለውን ቃል ውሰጂ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጽፊው ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ድምፁን ተከትለን በምንጽፍበት ዘዴ 11 ምት ነው። ለ፣ ተ፣ ከ፣ በ፣ ረ አምስቱም ግዕዝ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ‹ኢ›ን ይጎትታሉ፤ ስለዚህ ከ11ዱ ምት 5ቱ የ‹ኢ› ቁልፍ ብቻ ነው። ‹ቲ›፣ ‹አር› እና ‹ደብሊው› ሲጨመሩበት ከ11 ምት 8ቱ የላይኛው የፊደል ረድፍ ላይ ይወድቃል። ጣትሽ የሚያርፍበት መካከለኛ ረድፍ የደረሰው 2 ምት ነው፤ ‹ቢ› ብቻ ከታች ነው። ‹ማመልከቻ›ን ደግሞ ጻፊ፤ 9 ምት ነው፤ ሁለት ‹ኤም› እና አንድ ‹ሲ› ከታችኛው ረድፍ፣ ሁለት ‹ኢ› ከላይኛው። ሳድስ ካልሆነ በስተቀር የአማርኛ ፊደል ያለ አናባቢ ቁልፍ አይሄድም፤ ከ‹ኤ› በቀር አናባቢዎቹ ሁሉ ያሉት ላይኛው ረድፍ ላይ ነው። የ‹ኢ› ቆብሽ ከጓደኞቹ ቀድሞ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የ‹ኤ›ስ? እሱን የጨረሰው ቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ነው። በቁቤ ረጅሙ አናባቢ ሁለቴ ይጻፋል፤ የሚጠብቀውም ተነባቢ ሁለቴ ይጻፋል። የከተማችን ስም ራሱ በቁቤ 7 ፊደል ነው፤ ከ7ቱ 5ቱ ‹ኤ›። የምትመታውም የግራ እጅሽ ትንሿ ጣት ናት፤ ከሁሉም ደካማዋ። ‹መነ ሙርቲ› (ፍርድ ቤት) ስትይ መጨረሻው ላይ ‹አይ› (I) ሁለቴ ይመታል። እንዲህ ያለ ድርብ ምት የሚፈልገው ጣቱ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምት መካከል ካረፈበት ንቅንቅ እንዳይል ነው። ያለቀና የሚያብለጨልጭ ቆብ ላይ ሁለተኛው ምት ወደ ጎን ይሸሻል፤ አንዱ ‹ኤ› ይቀራል፤ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። የባለጉዳይ ስም ላይ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚያስከትል አንቺው ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ሥራሽ ላይኛው ረድፍ ላይ ከበዛ፣ የላይኛው ረድፍ ቆብ ፊቱን ወዳንቺ ማዞሩ ጥቅሙ ይታይሻል። ጣትሽ ወደ ፊት ሲዘረጋ ቆቡ ይቀበለዋል። እኩል በሆነው በኤክስዲኤ ላይ ግን ጣቱ ትንሽ አብልጦ መዘርጋት አለበት፤ ሲደክም ደግሞ መካከለኛውና ላይኛው ረድፍ መሃል ባለው ክፍተት ላይ ይወድቃል። ጠጋኙ ልጅ ‹ግራ አያጋባም› ማለቱ ከእሱ ሥራ አንጻር ትክክል ነው፤ የሚነቅልና የሚተክል እሱ ነው፤ የትኛው ቆብ የየትኛው ረድፍ እንደሆነ ማሰብ አይኖርበትም። ያንቺ ሥራ ሌላ ነው። ያንቺ ዓይን ኪቦርዱም ስክሪኑም ላይ አይደለም፤ ባለጉዳዩ በእስክሪብቶ የጻፈው ረቂቅ ላይ ነው። ዓይን ሲርቅ ጣት በምን ይወቅ? በዘንበሉ ያውቃል። ፊቱ ወዳንቺ ከዞረ ላይኛው ነው፤ ወዲያ ካዘነበለ ታችኛው ነው። ይህን መንገድ ማሳያ ለጸሐፊ መንፈግ ልክ አይመስለኝም።

ስለ ኤስኤ የጓደኛሽን ምክር ሳነብ ልቤ ተነካ፤ እኔም ባንድ ወቅት የወሰንኩት በዚያው ምክንያት ነበርና። የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ረጅም፣ ክብ ጉድጓድ ያለው፣ ቡኒና ክሬም ቀለም የሆነ ቆብ አመጣልኝ። ሳወጣው የመጀመሪያውን ታይፕራይተሬን አየሁ። ጣት ጉድጓዱ ውስጥ ግጥም ብሎ ይቀመጣል፤ ድምፁም ወፍራም ነው፤ ቆቡ ረጅምና ሆዱ ባዶ ስለሆነ ከታች ይመጣል። ለሁለት ሳምንት ያህል በደስታ ጻፍኩበት። በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ እጄ አንጓ ማታ ማታ ይቆረጥመኝ ጀመር። የጠረጴዛዬ ቁመት አልተቀየረም፣ ወንበሬ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ጣቴ የሚወጣው ከፍታ ነው። ከቼሪ ይልቅ 7 ሚሊ ሜትር ብድግ ማለት በአንድ ምት ምንም አይመስልም፤ በቀን 20 ገጽ ለሚጽፍ ግን እጅ ከአንጓው ወደ ላይ ታጥፎ ይውላል። ከጨርቅ የእጅ ማሳረፊያ ሰፍቼ ሞከርኩ፤ ትንሽ ረዳኝ። በመጨረሻ አወለቅኩት። ኤስኤ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። ሲግኔቸር ፕላስቲክስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራቸውን የነኩ ሰዎች ፍቅራቸው ይገባኛል። ማታ ቤቱ ሆኖ ሁለት ገጽ በእርጋታ ለሚጽፍ፣ ከፍ ያለ የእጅ ማሳረፊያ ላለው ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ላንቺ ቀን ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ሁለቱ ምርመራዎች።

የመጀመሪያው፦ ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ቆብ ንቀዪ፤ የ‹ዲ›ን ንቀዪ። በሽቦ መንቀያ ብትነቅዪ ይሻላል፤ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢ፣ አታወዛውዢው። ስዊቹ ላይ የመብራት መውጫ ቀዳዳ ታያለሽ። ቀዳዳው ወደ ሆድሽ ከዞረ ምንም ችግር የለም፤ ቼሪ ይምጣልሽ። ቀዳዳው ወደ ስክሪኑ ከዞረ ግን ተጠንቀቂ። እንዲህ በተገጠሙ ስዊቾች ላይ የቼሪ ፕሮፋይል ቆብ፣ በተለይ በመካከለኛው ረድፍ፣ ወደ ታች ሲወርድ የውስጥ ግድግዳው የስዊቹን ራስ ይነካል። ምቱ ሳያልቅ ይቆማል፤ ድምፁም ቀጭን ይሆናል። አንዳንዱ ስዊች ላይ እምብዛም አይሰማም፤ አንዳንዱ ላይ ግን በግልጽ ይሰማል። ቀጭን ቀለበት መስቀሉ ላይ አድርጎ ማስታገስ ይቻላል፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ የመግዛት አቅም የለኝም ስላልሽኝ ለዕድል አልተውሽም። ቀዳዳው ወደ ስክሪኑ ከሆነ ኦኢኤም ይግዛልሽ፤ ያው ረድፍ ያለው ነው፤ ከቼሪ የሚበልጠው በ2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ እጅሽም ለምዶታል።

ሁለተኛው ምርመራ የልብስ ሰፊ ሜትር ይፈልጋል። የፊደሎቹ ቆቦች ስፋት በአብዛኛው ኪቦርድ አንድ ዓይነት ነው፤ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከሚቀጥለው መሃል 19.05 ሚሊ ሜትር። ጣጣው ረጃጅሞቹ ላይ ነው። ስፔስ ባርሽን ለኪ። 118 ወይም 119 ሚሊ ሜትር ከሆነ የተለመደው ነው፤ ሻጮች 6.25 የሚሉት፣ የአንድ ፊደል ቁልፍ 6.25 እጥፍ ማለታቸው ነው። 132 ገደማ ከሆነ ሌላ ነው፤ 7 ይሉታል። ከስፔስ ባር ግራና ቀኝ ያሉት ትንንሾቹ እያንዳንዳቸው 23 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለባቸው። የቀኙን ሺፍት ደግሞ ለኪ፤ ሙሉ ኪቦርድ ላይ 51 ወይም 52 ይሆናል፤ ያጠረ ኪቦርድ ላይ ግን ወደ 33 ይወርዳል። ቁጥሮቹን ጽፈሽ ለወንድምሽ ላኪለት፤ የኪቦርዱንም ፎቶ ከላይ አንስተሽ አያይዢ። ብዙ ሰው አምሮት የገዛው የቆብ ስብስብ አንድ ሺፍት ብቻ ሳይገባለት ቀርቶ አሮጌና አዲስ ቀላቅሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። እኛ ደግሞ ጠ፣ ጨ፣ ኘ እያልን ሺፍትን ከእንግሊዝኛ ጸሐፊ በላይ የምንጫን ሰዎች ነን፤ የተቀላቀለ ሺፍት ያናድዳል።

ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አልልም። አሁን ያለሽ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ይመስለኛል፤ ኤቢኤስ በጣት ቅባትና በመታሸት ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰ በኋላ ማጠብ አይመልሰውም። ፒቢቲ ሻካራነቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል። ፊደሉ ከላይ በቀለም ብቻ የታተመ ከሆነ ያልቃል፤ ዳይ ሰብ ግን ቀለሙ በሙቀት ፕላስቲኩ ውስጥ የገባ ነው፤ ደብል ሾት ደግሞ ፊደሉ ራሱ ሁለተኛ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱም አንቺ በምትጽፊው መጠን ቢሆንም አይጠፉም። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ይምረጥ፤ ቀጭኑ ባዶ ጣሳ ይመስላል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ፒቢቲ ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚኮማተር ረጅሙ ስፔስ ባር አንዳንዴ ይጎብጣል። ወንድምሽ ሱቅ ውስጥ ስፔስ ባሩን አውጥቶ መስታወት ላይ ክፍት አፉን ወደ ታች አድርጎ ያስቀምጠው፤ ጫፉን ሲነካው የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ ይቀይርለት።

ሲደርስሽ ቀጥለሽ እንዳትገጥሚ። የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረው ያው ነፋስ በበራችን አቧራ ይዞ ይገባል። 3 ዓመት ሙሉ ቆቡ ሥር የተጠራቀመውን ስታዪ ትደነግጫለሽ። አሮጌዎቹን ሁሉ ንቀዪ፣ ኪቦርዱን ገልብጠሽ በቀስታ አራግፊ፣ ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ በስዊቾቹ መሃል አሳልፊ። ስፔስ ባሩ፣ ሺፍቱና ኢንተሩ ሥር ስታቢላይዘር የሚባል ሽቦ አለ፤ እሱን በኃይል አትጎትቺው። አሮጌዎቹን አትጣያቸው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥበሽ፣ አፋቸውን ወደ ታች ደፍተሽ፣ አንድ ሙሉ ቀን አድርቀሽ አስቀምጪ፤ መስቀሉ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ጠብታ ስዊቹን ያበላሻል። አንዱ ቆብ አንድ ቀን ቢጠፋ መተኪያ ይሆንሻል።

ስትገጥሚ ረድፉን ሳትሳሳቺ ግጠሚ። ብዙ ጊዜ ቆቡ ውስጥ ቁጥር አለ፤ ከሌለ ዘንበሉን አይተሽ አሰልፊ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጣትሽ ቆቡን ከፍ ብሎ ይፈልገዋል፤ ዝቅ ማለቱን እስኪለምድ የክስ መልስ የመሰለ አስቸኳይ ሥራ ባይገጥምሽ ጥሩ ነው። ከፋሲካ በዓል ቀን በፊት ግጠሚና በዓሉን ባልተጣደፈ እጅ ሞክሪው።

ጥያቄ፦ እኔ አዳማ ውስጥ የምማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔ በባትሪው ስለሚሠራ ሌሊት የማጠናው ላፕቶፑ ላይ በሰካሁት ሜካኒካል ኪቦርድ መብራት ነው። ዳይ ሰብ ፒቢቲ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ። ብገዛ መብራቱ በፊደሉ ያልፋል?

መልስ፦ አያልፍም፣ ልጄ። ዳይ ሰብ ቆብ ድፍን ነው፤ መብራቱ በቆቦቹ መሃል ያንጸባርቃል እንጂ ፊደሉን አያበራልህም። አንተ የምትፈልገው ፊደሉ ብርሃን አሳላፊ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ ደብል ሾት ነው፤ ስትገዛ ይህንኑ ጠይቅ። ከላይ ለእህታችን ስለ መብራት ቀዳዳ የነገርኳትንም አንብበው፤ ያንተ ጉዳይ የእሷ ግልባጭ ነው። ፊደሉ የሚታተመው በቆቡ ላይኛ ግማሽ ስለሆነ መብራቱ ደምቆ የሚያበራው ቀዳዳው ወደ ስክሪኑ ሲዞር ነው፤ ልክ ቼሪ ፕሮፋይል የሚጋጭበት አቀማመጥ ማለት ነው። ስለዚህ ላንተ ኦኢኤም ይሻልሃል። የኦኢኤም ቆብ ብርሃን አሳላፊም ሆኖ እንደ ልብ ይገኛል። ይልቅ ፊደል ሳታይ መጻፍ ተለማመድ፤ ‹ኤፍ› እና ‹ጄ› ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በጠቋሚ ጣቶችህ ፈልገህ ካገኘህ ጨለማው አያስቸግርህም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ለልጅ ልጆቼ ተረት በአማርኛ እየጻፍኩ ነው፤ ግን የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ ዘወትር ይጠፋኛል። ኪቦርዴ ላይ የአማርኛ ፊደል መለጠፍ እፈልጋለሁ። ለዚህ የሚስማማ የቆብ ዓይነት ይኖራል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ጠጋኙ ልጅ ለጸሐፊዋ የመከራት ኤክስዲኤ ነው የሚስማማው። በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፊቱ ሰፊና ጉድጓዱ ቀላል ስለሆነ ተለጣፊ ወረቀት ጠርዙ ቶሎ አይነሳም። እኔ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ቆብ ላይ ሞክሬ በአንድ ወር ውስጥ ማዕዘኑ ሁሉ ተቀረፈብኝ። ሁለተኛ፣ ሁሉም ቆብ እኩል ስለሆነ ያለ ፊደል የሚሸጠውን ባዶ ቆብ ገዝተው የፈለጉትን የፈለጉበት ቢያደርጉ ቅርጹ አይዛባም። እርስዎ ጣትዎን እያዩ ቀስ ብለው ስለሚጽፉ የረድፉ ዘንበል አለመኖር አያጎድልብዎትም።

ሲለጥፉ ግን ሁሉንም የፊደል ዘር አይለጥፉ፤ ይጨናነቃል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ሳድሱን ብቻ በግራ ታች ጥግ ይጻፉ፤ ‹ኤል› ላይ ል፣ ‹ኤም› ላይ ም፣ ‹ኤክስ› ላይ ሽ፣ ‹ሲ› ላይ ች። በሺፍት የሚወጣውን በቀኝ ላይ ጥግ፣ በሌላ ቀለም፤ ‹ቲ› ላይ ጥ፣ ‹ሲ› ላይ ጭ፣ ‹ኤን› ላይ ኝ፣ ‹ዜድ› ላይ ዥ። አናባቢዎቹ ላይ ደግሞ የሥርዓቱን ስም ይጻፉ፤ ‹ኢ› ላይ ግዕዝ፣ ‹ዩ› ላይ ካዕብ፣ ‹አይ› ላይ ሣልስ፣ ‹ኤ› ላይ ራብዕ፣ ‹ኦ› ላይ ሳብዕ። ሀ ሁ ሂ ሃን ሲያስቆጥሩ የኖሩ መምህር ስለሆኑ ይህ አይጠፋዎትም። ከመለጠፍዎ በፊት ፕሮግራምዎ ላይ አንድ በአንድ ተጭነው ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ የአጻጻፍ ዘዴ ጥቂት ፊደሎችን ሌላ ቁልፍ ላይ ያስቀምጣል። ወረቀቱን ከለጠፉ በኋላ ግልጽ ፕላስተር በላዩ ላይ ያድርጉበት፤ ‹ኤፍ› እና ‹ጄ› ላይ ግን ጉብታዋን እንዳይሸፍኗት፣ ወረቀቱን ከእሷ በላይ ቆርጠው ይለጥፉት።